የደራሲዋ ልጅ

ጥርስ ሠሪው የአንዲት አሮጊትን የድድ ቅርጽ ከጄሶው ውስጥ ቀስ ብሎ እየፈለቀቀ ሳለ ስልኩ ጠራ። እጁን በሽርጡ ጠራረገና አነሳው። አሳታሚው ነበር።

"የፀጉር ቤቷ ሴቶች ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይጠብቁሃል" አለ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም። "ቃል ገብቼላቸዋለሁ፤ እንዳታሳፍረኝ።"

"ምን ነኝ ብዬ ልሂድ?"

"የደራሲዋ ልጅ ነኝ በላ። ውሸት አይደለም እኮ። ልጇ አይደለህም እንዴ?"

ልጇስ ልጇ ነው። ችግሩ እናቱ መሞቷ ነው። አሳታሚውም ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ግን ከመጽሐፎቹ ግማሹን የሸጠችለት ያቺ ፀጉር ቤት መሆኗንም ያውቃል። የፀጉር ቤቷ ደንበኞች መጽሐፍ ሲወጣ ተሰብስበው ያነባሉ፤ ያነበቡትን ለጎረቤት፣ ለእህት፣ ለምራት ያስገዛሉ። አሁን ደግሞ ደራሲዋን በዐይናችን ካላየን ብለው አሳታሚውን መቆሚያ መቀመጫ ነሥተውታል።

ቀኑ እሑድ ነው። ሌሎቹ ሠራተኞች ሁሉ ቤታቸው ናቸው። እሱ ግን እሑድም ይመጣል፤ ሥራ በዝቶበት ሳይሆን እሑድ ቀን ቤቱ ጭር ስለሚልበት ነው። ከአርባ ዓመት ጥቂት ያለፈው፣ ሰላምታ እንኳ ቆጥቦ የሚሰጥ ዝምተኛ ሰው ነው። "የሰው ጥርስ ሲያሳምር ይውላል፣ የሱን ጥርስ ያየ ግን የለም" እያሉ የሥራ ባልደረቦቹ ይቀልዱበታል። ይህ ሰው የፍቅር ልቦለድ ይጽፋል ቢባሉ አንዳቸውም አያምኑም ነበር። አራቱ መጻሕፍቱ በየአውቶቡሱ ከእጅ እጅ ሲዞሩ ያያል፤ ሽፋናቸው ላይ ያለው ስም ግን የሴት ነው። የእናቱ ስም ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከሷው ዘንድ ነው። እናቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። አባቱ ሹፌር ነበር፤ ይሄዳል ይመጣል፣ ይሄዳል ይመጣል፣ አንድ ጊዜ ሄደና በዚያው ቀረ። እናትና ልጅ፣ ግማሹን የስፌት መኪና ግማሹን አልጋ የያዘው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ቀሩ። እናቱ የፍቅር መጽሐፍ ነፍሷ ነው፤ ግን ዐይኗ ከመርፌ፣ እጇ ከጨርቅ አይነሣም። ስለዚህ ልጁ ፊደል ለይቶ ማንበብ እንደጀመረ ሥራ ተሰጠው። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ተከራይቶ ይመጣል፤ ከመኪናው አጠገብ በርጩማ ስቦ ይቀመጣል፤ የመኪናው ድምፅ እንዳይውጠው ጮክ ብሎ ያነብላታል። እኩዮቹ ኳስ ሲያሳድዱ እሱ ስለ ሹክሹክታና ስለ እንባ እየጮኸ ስለሚያነብ የሰፈሩ ልጆች "ሙሽራው" የሚል ቅጽል አወጡለት። መጀመሪያ ያበሽቀው ነበር። በኋላ ግን እናቱ ቀጣዩን ምዕራፍ ስትጠብቅ ፊቷ ላይ የሚያየው ነገር ከኳስም ከቅጽልም በለጠበት።

አንድ ነገር ብቻ ያስቸግረዋል። በታሪኩ ውስጥ ሁለቱ ፍቅረኞች ሊሳሳሙ ሲቃረቡ ያፍራል። ስለዚህ ያንን ገጽ እንደ ጭቃ ይዘለውና በቦታው የራሱን ያስገባል። ዝናብ ያዘንባል፣ በር ያስንኳኳል፣ ያልታሰበ እንግዳ ያመጣል። እናቱ እግሯን ከመርገጫው ታነሣና በመነጽሯ አናት ታየዋለች።

"ዘለልክ።"

"አልዘለልኩም።"

"እንግዲያው ይሄ ደራሲ እንግዳ ይወዳል" ትልና ስፌቷን ትቀጥላለች።

ልቦለድ መፍጠር የለመደው በዚህ ዓይነት ነው፤ በእፍረት።

አደገ፣ የጥርስ ሙያ ተማረ፣ እናቱን ሻል ወዳለ ቤት አዛወራት። ሚስት ግን አላገባም። የሚሠራበት ክሊኒክ ውስጥ ካርድ የምታወጣ አንዲት ልጅ ወዶ ነበር። የሚላትን በልቡ ሙሉ ምዕራፍ አድርጎ አዘጋጀና አንድ ቀን ፊቷ ቆመ። "ዛሬስ በጣም ይበርዳል" አላት። እሷም "አዎ፣ ይበርዳል" አለች። ያ ፍቅር በዚሁ አለቀ።

እናቱ ታማ አልጋ የያዘች ጊዜ እጃቸው ሊገባ የሚችለውን መጽሐፍ ሁሉ ጨርሰው ነበር። ያነበበውን ሲደግምላት "ይህን አውቀዋለሁ፣ ኋላ ይታረቃሉ" ትለዋለች። አንድ ቀን ቢቸግረው ከአሮጌዎቹ አንዱን ገልጦ፣ ውስጡ የሌለ ታሪክ እያነበበ መሰለ። ዐይኑን መስመር ለመስመር ያስኬዳል፣ በየመሐሉ ገጽ ይገልጣል፣ ታሪኩ ግን ከሆዱ ነው። ጥቂት ቀን እንዲህ ሲያነብላት ሰነበተ። እናቱ ዐይኗን እንደጨፈነች፣ "ይሄኛው ደራሲ ጎበዝ ነው" አለች። "ግን የሚያፍር ሰው ነው። አንተን አንተን ይለኛል።"

ታሪኩ ሳያልቅ እሷ ቀደመች። ቀባሪው ተበትኖ፣ አልጋው ተነጥፎ፣ ቤቱ ዝም ሲል ከሁሉም በላይ ያንገበገበው መጨረሻውን ሳትሰማ መሄዷ ነበር። ተቀምጦ ጻፈው። አሳታሚው አነበበና ወደደው፤ "ግን በወንድ ስም፣ ያውም በጥርስ ሠሪ ስም የፍቅር ልቦለድ ማን ይገዛኛል? አንድ የሴት ስም አምጣልኝ" አለ። ያኔ አፉ ላይ የነበረው የሴት ስም አንድ ብቻ ነው።

ፀጉር ቤቷ ሲደርስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። የፀጉር ማድረቂያ ካስኮቹ ወደ ላይ ተነሥተው፣ ሴቶቹ ከነሱ ሥር ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ የፀጉር መጠቅለያው የቢጉዲን ሳጥን ተገልብጦ የሻይ ጠረጴዛ ሆኗል። ፀጉር ሠሪዋ ደንገጥ ብላ ተነሣች፤ ከኋላው የሚከተል ሰው እንዳለ አየት አደረገች።

"ደራሲዋስ?"

"እናቴ ብዙ አትወጣም" አለ። ይህም ውሸት አልነበረም።

ልጃቸው መሆኑን ሲሰሙ ቅሬታቸው ወዲያው ጠፋ፤ መሐል ላይ ያለውን ወንበር ለቀቁለት። ከዚያ ጥያቄው ወረደበት። እናትዎ ሲጽፉ ዝምታ ይፈልጋሉ ወይ? ሻይ ያበዛሉ ወይ? መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ያንን ደግ ሐኪም ከየት አመጡት? መጀመሪያ ባጭር ባጭሩ መለሰ። ከዚያ ሳያውቀው አፉ ተፈታ። እናቱ ስታስብ በእግሯ ወለሉን እንደምትመታ ነገራቸው። ስትስቅ አፏን በመዳፏ እንደምትከድን፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቤት ምድሩን እንደምትፈልግ ነገራቸው። ሴቶቹ ይስቃሉ፣ "እኔን!" ይላሉ፣ እርስ በርስ ይጎሻሸማሉ። ከእናቱ ሞት ወዲህ ስለሷ እንዲህ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሲናገር ራሱን አዳመጠ፤ "ትወዳለች" ይላል እንጂ "ትወድ ነበር" አይልም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሱ ግን በተቀመጠ ቁጥር በረከተለት። ያቺን አንዲት "ነበር" ካልጨመረባት እናቱ እዚያው ካስኩ ሥር፣ ሻይዋን ይዛ የተቀመጠች መሰለው።

ከሁሉም ዳር የተቀመጠች አንዲት ሴት ብቻ አልሳቀችም። ሆቴል ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት፤ ከሱ በዕድሜ ትበልጣለች፤ የመጨረሻውን መጽሐፍ ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለት እጇን ጭናበታለች። ሳቁ ጋብ ሲል ቀና አለች።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እዚህ መጽሐፍ ላይ ያቺ ባሏ የሞተባት ሴት ከሥራ ስትገባ ቴሌቪዥኑን የምትከፍተው ለማየት አይደለም። ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ እንዲመስላት ነው።"

"አዎ።"

"እራቷንም ከምድጃው አጠገብ ቆማ ነው የምትበላው። ለአንድ ሰው ጠረጴዛ መወልወል አስጠልቷት።"

"አዎ" አለ ጥርስ ሠሪው።

"ይሄ ደግሞ ዝም ብሎ የሚፈጠር አይደለም። የኖረው ነው የሚያውቀው።" ከዚያ ሳታስበው አንቱታው ከአፏ ወደቀ። "አትቀየመኝ ወንድሜ፤ እናትህ ብቻቸውን ናቸው። ልጅ እያላቸው ቆመው ይበላሉ። አንተ እዚህ ስለሳቸው ስታወራልን ደስ ትላለህ፤ ግን መቼ ነው ሄደህ አብረሃቸው የበላኸው?"

ፀጉር ሠሪዋ "ኧረ እንዲህማ አይባልም" ብላ ነገሩን ልታበርድ ሞከረች፤ የሌሎቹ ዐይን ግን ከሱ ላይ አልተነሣም። ቅድም ሲያሞግሱት የነበሩ ዐይኖች አሁን መልስ ይጠብቃሉ። እስከ መጨረሻዋ ቀን በማንኪያ እንዳጎረሳት፣ አንድም ቀን ብቻዋን እንዳላሳደራት መናገር ይችል ነበር። ቆሞ የሚበላው እሱ ራሱ እንደሆነም ሊነግራት ቃጣው። ግን "እውነትሽን ነው፤ እሄዳለሁ" አለ። የገዛ አፉ እንኳ "እርስዎ" ማለቱን ረሳ።

ከዚያ በኋላ ወሬው አልቀና አለ። አንዲቱ ልጆቿን አሰበች፣ አንዲቱ ሰዓቷን አየች። ጥርስ ሠሪው አመስግኖ ወጣ። ጥቂት እንደተራመደ ከኋላው ኮቴ ሰማ፤ ልብስ ተኳሿ ነበረች። እኩል ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዱ። እሑድ በመሆኑ ሱቆቹ ዝግ ናቸው፤ መንገዱ ላይ ሰው አይበዛም።

"ሰው ፊት ተናገርኩህ" አለች ማቆሚያው ላይ ሲደርሱ። "ክፋት አይደለም። እኔም ወንድ ልጅ አለኝ፤ ሌላ ከተማ ነው የሚሠራው። ሲመቸው ይደውላል። አንተን ሳይ እሱን አየሁና ነው።"

"አልተቀየምኩም፣ እትዬ።"

"ካልተቀየምክ ይህን አድርግልኝ።" መጽሐፉን ዘረጋችለት። ሽፋኑ በጋዜጣ ተለብጧል፤ ጥጎቹ ግን ተበልተዋል። "እናትህ ይፈርሙልኝ። ፀጉር ቤቷ ብትተውልኝ አገኘዋለሁ። አንዲት ሴት አለች፣ እሷም እንደርስዎ ናት በላቸው።"

መጽሐፉን ተቀበለ። የእናቱን እጅ ጽሑፍ ያውቀዋል፤ በልጅነቱ የደንበኞቿን ልኬት ስትጽፍ እያየ ነው ያደገው። ዛሬ ማታ አስመስሎ ቢፈርም ማንም አይለየውም። በሳምንቱ መልሶ ቢያመጣው ሴቶቹ እንደገና ወንበር ይለቁለታል፤ ሰላም በልልን ይሉታል፤ ቀሚስ፣ ስካርፍ፣ ምናምን ይልኩላታል። እናቱ ለነዚያ ሴቶች እንደኖረች ትቀጥላለች። እሱም እሑድ እሑድ ስለሷ የሚያወራበት ቤት ያገኛል። ይህን ሁሉ አሰበና ደስ አለው፤ ደስ ማለቱም አስፈራው። ከፊቱ የቆመችው ሴት ደግሞ ለሞተ ሰው መልእክት ልካ፣ መልስ ልትጠብቅ ነው።

"እናቴ አርፋለች" አለ።

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችው።

"አራት ዓመት አልፏታል።"

"ይሄ እኮ አምና የወጣ ነው" አለች ልብስ ተኳሿ፣ እጁ ላይ ያለውን መጽሐፍ በአገጯ እያመለከተች።

"አዎ።"

አውቶቡሱ መጣ። በሩ ተከፈተ፤ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም፤ በሩ ተዘጋና ሄደ። ሴትየዋ መጽሐፉን አየች፣ ከዚያ ጄሶ ጥፍሩ ሥር የቀረበትን እጁን አየች።

"እንግዲያው ቆሞ የሚበላው..." ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም።

"እስክሪብቶ ይዘዋል?" አላት።

ቦርሳዋን በረበረችና አንድ አውጥታ ሰጠችው። እሱም የማቆሚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘረጋው፤ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ።

"ለማን ልበል?"

ስሟን ነገረችው። አስተካክሎ ጻፈላት። ከዚያ ገጹ ላይ ከታተመው የእናቱ ስም በታች የራሱን ስም እስከ አባቱ ጻፈበት።