ያልተሳለው እጅ

ተማሪዎቹ «አቶ ለምን» ይሏቸዋል። ምን ቢነግሯቸው «ለምን?» የሚሉ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ናቸው፤ የፍልስፍናና የሥነ ጥበብ ድኅረ ምረቃ ክፍል የሚተነፍሰው በእሳቸው ነው። ጡረታቸው ስለተቃረበ ከእንግዲህ የሚቀበሉት የዶክትሬት ተማሪ አንድ ብቻ ነው። ያንን ቦታ ታላቂቱ እህት ገና በፍልስፍና ማስተርሷን ስትጀምር በልቧ ይዛዋለች። እስካሁን ከአፋቸው ከ«ለምን?» በቀር ሌላ ቃል አላገኘችም፤ እሷ ግን እሱንም እንደ ምርቃት ትቆጥረው ነበር። ታናሽዋ እስክትመጣ ድረስ።

ታናሽዋ ሚጣ ናት። ስሙ በልጅነቷ ቤት ውስጥ ወጣላት፣ ጎረምሶች ዞር ብለው የሚያዩዋት ሴት ሆናም አልለቀቃትም። ከሥዕል ትምህርት ቤት ቀጥታ እዚሁ ክፍል ገባች። መጽሐፍ ጀምራ አትጨርስም፤ ሌላው የሚያሰምርበት ገጽ ላይ እሷ አፍንጫና ጆሮ ትስላለች። እንዲህ ያለችዋ ልጅ ገና ወንበሯን ሳታሞቅ፣ አቶ ለምን ስቱዲዮዋ ገብተው፣ ቀለም የነካካው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው፣ ሥዕሏን አይተው አይተው «እሰይ!» አሉ። ታላቅየዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ሥዕሉ እናታቸውን ነው፤ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ ስትተክል። ቀኝ እጇ መርፌውን ይዟል። ግራ እጇ ግን አልተሳለም፤ ከክንዷ በታች ሸራው ነጩን ተትቷል። ታላቅየዋ ዓይኗ ሁልጊዜ የሚሄደው እዚያ ነጭ ላይ ነው። እሷንና ሚጣን በልጅነታቸው ሲያተኩሳቸው ግንባራቸውን የሚዳስሰው እጅ ትዝ ይላታል፤ ሙቀቱ ሁሉ ይመጣባታል። ከሥዕሉ ሁሉ የሚበልጠው ያ ባዶ መሆኑን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ያንገበገባትም ማወቋ ነው። እሷ ስለ ባዶነት ሁለት መቶ ገጽ ጽፋለች፤ ይህቺ በግማሽ ቀን፣ እያንጎራጎረች፣ ጨረሰችው!

በክፍሉ አንድ ልማድ አለ። ዓውደ ርዕይ ከመከፈቱ በፊት ለያንዳንዱ ሥዕል ከፍልስፍናው በኩል «ከሳሽ» ይመደብለታል። ከሳሹ ሥዕሉ ፊት ቆሞ ክሱን ያነባል፤ ሠዓሊው እስከ መጨረሻው ትንፍሽ አይልም። ከዚያ ወዲያ ማረሙም መተውም የሠዓሊው ፋንታ ነው።

የሚጣን ሥዕል ማን ይክሰስ ሲባል ታላቅየዋ እጇን አወጣች።

«እህቷ አይደለሽ እንዴ?» አላት አንዱ።

«ራሷ ናት የለመነችኝ።»

ይህስ እውነት ነው። ሚጣ አንገቷን አቅፋ «እታለም፣ ካንቺ ሌላ ማን ያውቅልኛል?» ብላታለች።

ክሱ የተዋጣ ነበር። «ዝምታ የሚከበረው መናገር የሚችል ሰው ዝም ሲል ነው» ብላ ጀመረች። «ይህቺ ሠዓሊ ግን እጁን መሳል ፈርታ ፍርሃቷን ጥልቀት አስመስላ አቀረበችልን። የምናደንቀው ሥዕሏን አይደለም፤ እያንዳንዳችን ከቤታችን ያመጣነውን እናት ነው።» እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ቀጣዩን ተሸክሞ ሄደ። ሚጣ ከንፈሯን ነክሳ አዳመጠች። አቶ ለምን ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይጠይቁ «ግሩም!» አሉ፤ ኮሪደሩ ላይም ታላቅየዋን ጠርተው የዶክትሬቱ ቦታ የእሷ መሆኑን ነገሯት። ቤቷ የገባችው እግሯ መሬት ሳይነካ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሚጣ ስቱዲዮ ብቅ አለች።

«ነይ እስቲ እታለም! አሁንስ ተስተካከለ?»

እጁ ተስሏል። አምስቱም ጣቶች፣ ጥፍሮቹ፣ ቀለበቱ ሳይቀር። እንከን አይወጣለትም። የልብስ ሱቅ መስታወት ውስጥ የሚቆም የአሻንጉሊት እጅ ነው። ሙቀቱ ጠፍቷል፤ እናታቸው የማንም ሴት ሆናለች።

«ፋቂው» አለቻት።

«ምኑን?»

«እጁን። በእናትሽ፣ ፋቂው!»

«ሸራው እኮ ጠጥቶታል። ቢፋቅም ያ ነጭ አይመለስም።»

«ሚጣ፣ ስሚኝ። ያነበብኩት ሁሉ ውሸት ነው። ቀንቼብሽ ነው። እሰይ ካሉሽ ቀን ጀምሮ ዓይንሽን ማየት አስጠልቶኝ ነበር።»

ሚጣ ከት ብላ ሳቀች። «አንቺ ደግሞ! ልታጽናኚኝ ነዋ። እኔ እኮ ክስሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ቀዳዳ የለውም። እሺ፣ ውሸት ከሆነ የቱ ጋ ነው የተሳሳትሽው? አሳዪኝ።»

ታላቅየዋ ክሱን ከመጀመሪያው በልቧ አነበነበችው። መውጫውን ሁሉ አንድ በአንድ የደፈነችው ራሷ ናት።

«ያ ባዶው . . . ደስ ይለኝ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«ይኸው፤ ደስታ ማስረጃ አይሆንም፣ ብለሽ ጽፈሻል።» ጉንጯን ሳመቻት። «እንኳን ደስ አለሽ፤ ቦታው ላንቺ ነው የሚገባው። እኔም ከእንግዲህ ብልጥ ሆኛለሁ፤ አንቺ ሳታዪልኝ አንዲት መስመር አልጥልም።»

አዲስ ሸራ ወጥራ ኖሯል። የመሳያውን ከሰል አነሳች፤ ሸራውን ሳትነካ ግን ዞር ብላ ታላቋን አየቻት፣ ልጀምር ወይ እንደማለት። ሚጣ ለመሳል ሰው ስታስፈቅድ ታላቅየዋ ከዚያ በፊት አይታ አታውቅም።