የባዘዘው ግራ ዓይን

ጠመንጃ አይታሰርም። ይህን ስል ዛሬም የሚቆጡኝ አሉ፤ ይቆጡ! እገሌ የሚባል ደብተራ አፈሙዝ አሰረ፣ እገሌ ጥይቱን ውሃ አደረገው የሚሉትን ወሬ እኔ ማንጠግቦሽ አልሰማም። የባሌ የባዘዘው ጠመንጃ ታሰረ ተብሎ አገር ምድሩ ሲያወራ እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ደብረ ማርቆስን በያዘ በሦስተኛው ዓመት ነው። ቤታችን ከሮብ ገበያ በላይ፣ ወደ ጮቄ በሚወስደው አቀበት ላይ ነበር። ወንዶቹ ዱር ገብተዋል። እኛ ሴቶቹ ገብሱን እናጭዳለን፣ በሶ እየፈጨን ስንቅ እንልካለን፣ ገበያ እየወጣን የጠላትን ወሬ እንለቅማለን። ባዘዘው ከአባቱ የወረሰው አንድ ውጅግራ የሚባል አሮጌ ጠመንጃ ነበረው፤ በዚያ ውጅግራ የምትሮጥ ሚዳቋ አንገቷን ይላት ነበር። ባዘዘው ከተኮሰ ልቅሶ አለ ይሉ ነበር ሰዎቹ። እኔም በሆዴ እኮራ ነበር፣ ምን ይደበቃል!

ታዲያ በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ መሳት ጀመረ። መጀመሪያ አንዱን ሳተ፤ ማንም ይስታል ተባለ። ቀጥሎ ደግሞ ሳተ። ኋላማ ከፊቱ የቆመ ባንዳ እንኳ ስቶ፣ ሰውዬው እየሳቀ አመለጠው። የጦሩ አለቃ ግራዝማች ፍቅረ ሥላሴ ደግሞ ቆራጥ ሰው ነበሩ። ጥይት እንደ ልብ አይገኝም፤ የተተኮሰው ቀለህ እንኳ ተለቅሞ ባሩድ እየተሞላ ነው እንደገና የሚተኮሰው። ስለዚህ ጥይት የሚያባክን ሰው ጠመንጃውን ለሚመታ ያስረክባል፣ የአባቱ ቅርስ ቢሆንም እንኳ። ያ ነበር ሕጉ።

ባዘዘውን ጠርተው፣ “እስከ ጥምቀት እታገሥሃለሁ። ካልሆነልህ ግን ጠመንጃው ለታናሽ ወንድምህ ለሙላት ይሰጥ” አሉት።

ሙላት ጎበዝ ተኳሽ ነው፤ ግን መሣሪያ የለውም፣ ጦር ይዞ ነበር የሚከተላቸው። የወንድሙን ጠመንጃ መቀበል ደግሞ ሞቱ ነበር። ባዘዘውማ አይጠየቅ! በዚያ ዘመን ጠመንጃውን የተነጠቀ ወንድ ምኑን ሰው ነው? ሠርግ ላይ አይፎክር፣ ሸንጎ ላይ አይናገር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሌ እህል እምቢ አለው።

የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ሩፋኤል ነገሩን ሲሰሙ፣ “ይህ የሰው እጅ ያለበት ነው። ጠመንጃው ታስሯል” አሉ። ታሰረ ከተባለ መፍትሔው ጸበል ነው። ባዘዘው ውጅግራውን ታቅፎ ጸበል ወረደና እንደ ሕፃን አስጠመቀው። እኔ ከኋላ ቆሜ ሳይ ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝ። ጠመንጃው ዝገት አተረፈ እንጂ ሌላ ምንም አላተረፈ፤ በሚቀጥለው ተኩስም ሳተ።

እኔ በዚያ ሰሞን ዶሮና እንቁላል ይዤ ወደ ማርቆስ እወርድ ነበር። የጣሊያን መኮንኖች የሚጠጡበትና የሚጫወቱበት አንድ ቤት አለ፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ፍሥሐ የሚባል የእኛው ሰው ይሠራል። እንቁላሉ ሰበብ ነው። ፍሥሐ የሰማውን ሹክ ይለኛል፣ እኔ ለግራዝማች አደርሳለሁ።

አንድ ቀን ፍሥሐ ሥራ በዝቶበት በር ላይ አቆመኝ። ፊት ለፊት ያለው ክፍል ወለል ብሎ ተከፍቷል። በአረንጓዴ ጨርቅ የተለበጠ ትልቅ ጠረጴዛ አለ፣ ላዩ ላይ ሦስት ኳስ። መኮንኖቹ ረጃጅም ዘንግ ይዘው እየተጎነበሱ አንዱን ኳስ ይገፉታል፤ እሱ ሄዶ ሁለቱን ከነካ እሰይ ይባባላሉ።

“ምንድን ነው ይኼ?” አልኩት።

“ካራምቡላ ይሉታል። ዘንጉ ስቴካ ነው” አለኝ ፍሥሐ። “ያንን ሽበታሙን ታይዋለሽ? ቀኝ ዓይኑ ብርጭቆ ነው። ማታ ሲተኛ አውጥቶ ውሃ ውስጥ ያስቀምጠዋል።”

“አያድርስ!” ብዬ አማተብኩ።

ሌሎቹ ሲመቱ ስቴካው ከአገጫቸው ሥር፣ በፊታቸው መሐል ለመሐል ያልፋል። ሽበታሙ ግን ጭንቅላቱን ወደ ቀኝ ገለል አድርጎ ስቴካውን በደኅናው ግራ ዓይኑ ሥር ያሳልፈዋል። ሲያዩት ያስቃል፤ ግን የሚስተው የለም። አንድ ወጣት መኮንን ሊቀልድበት ፈልጎ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘና ወደ መሐል መለሰው። ሽበታሙ እንደዚያው ሆኖ መታ፤ ኳሱ ባዶ ሜዳ ሄደ። ሁሉም ሳቁ። እሱ ቆጣ ብሎ እንደ ልማዱ ገለል አለና መታ፤ ሁለቱንም ነካ።

እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ባሌ ትዝ አለኝ። ባዘዘው በዚያ ሰሞን ጠላ ሲቀዳ ከዋንጫው ውጪ ያፈስ ነበር። በቀኙ በኩል ስመጣበት ይደነግጥ ነበር። እኔ ደግሞ ጭንቀት ነው ብዬ ዝም!

ቤት ስንቅ ሊወስድ ሲመጣ ከፊቱ ቆምኩና፣ “እስቲ በጣትህ አፍንጫዬን ጠቁም” አልኩት።

“አብደሻል እንዴ?”

“ጠቁም አልኩህ!”

ጠቆመ። እኔ ካለሁበት ሳየው ጣቱ ልክ በግራ ዓይኑ ትይዩ ቆመ። ቀስ ብዬ ግራ ዓይኑን በመዳፌ ከደንኩት። “አሁንስ ጠቁም” አልኩት። እጁ አየር ላይ ሲንከራተት ቆይቶ ወረደ።

መዳፌን ከዓይኑ ላይ አንሥቶ፣ “ባሩዱን ራሳችን የሞላነው ጥይት ወደ ኋላ ተፋ” አለኝ። “እሳቱ ዓይኔ ገባ። በቀኜ ጥላ እንኳ አላይም።”

“ታዲያ ጠመንጃው ታሰረ ሲሉህ ለምን ዝም አልክ? ለእኔስ ለምን አልነገርክም?”

“ታሰረ ቢሉኝ ይሻለኛል ማንጠግቦሽ። የታሰረ ይፈታል። የጠፋ ዓይን ግን አይበራም፤ ዕውር ደግሞ ማንም አያስጠጋ።”

ለማንም እንዳልናገር በማርያም አስማለኝ። ማልኩ።

ከዚያ የማርቆሱን ጨዋታ ነገርኩት። ባዘዘው በቀኝ ትከሻው ደግኖ በግራ ዓይኑ አሻግሮ ነበር የሚያየው፤ አፈሙዙ አንድ ቦታ፣ ዓይኑ ሌላ ቦታ። ስቴካ ሲሆን ጭንቅላት ገለል ቢል ይበቃል። ጠመንጃ ግን ጉንጭ ላይ ነው የሚጣበቅ፣ ገለል ማለት የለም። “ወደ ግራ ትከሻህ አዙረው” አልኩት።

“በግራ?” አለና ተነሣ። “ግራ የፍየሎቹ ወገን ነው። በግራዬ አልበላ፣ በግራዬ አላማትብ፣ በግራዬ ልተኩስ?”

“ፍየልም ቢሆን ከመታ ይበቃል!”

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ጊዜ እምቢ አለኝ። እሺ ያሰኘው የጥምቀት መቃረብ ነው። ጥይት ማባከን ስለማይቻል ጓሮ ወጥተን በባዶው እንለማመድ ነበር። ባዶ መሆኑን ደጋግሜ አይቼ ራቅ ብዬ እቆማለሁ፤ እሱ ወደ እኔ ያነጣጥራል። አፈሙዙ፣ ማነጣጠሪያውና ግራ ዓይኑ በአንድ መስመር ሲገጥሙ ይታየኛል። “አልፏል... ትንሽ ዝቅ... አሁን ያዝከኝ” እለዋለሁ። ባሏ ጠመንጃ ደግኖባት የምትስቅ ሴት እኔን አየሁ። በእነዚያ ቀናት የተዋደድነውን ያህል በሠርጋችንም አልተዋደድን።

ጥምቀት አለፈና ግራዝማች ጉቶ ላይ ቅል አስቀምጠው አንዲት ጥይት ሰጡት። እኔም ስንቅ ይዤ እዚያው ነበርኩ። ባዘዘው ጠመንጃውን በግራ ትከሻው ሲያደርገው ሰዉ አጉረመረመ።

“ምን ነካው ይኼ ሰው? በግራ?” አሉ ግራዝማች።

አላስቻለኝም። “ቀኝ ትከሻው ታሞበት ነው ጌታዬ። ደግሞስ የእርስዎ ሹመት ግራዝማች አይደለም እንዴ? በግራ የሚዘምት እየተሾመ በግራ የሚተኩስ ይነወራል?”

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ግራዝማችም ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው፣ “ምላሷን ለጣሊያን ባደረገችው! በል ተኩስ” አሉት። ተኮሰ። ቅሉ ፍርክስክስ አለ። ሙላት ጦሩን ወርውሮ ወንድሙን አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት፤ ከባዘዘው ይልቅ የተደሰተው እሱ ነበር።

እስከ ሰኔ ባሌ እንደ ድሮው ሆነ። ፎከረ፣ በላ፣ ጣለ። በግራ መተኮሱም ተለመደ፤ ሲፈልግ በቀኝ ሲፈልግ በግራ የሚመታ ጀግና ተባለ። እሱም እንዲያ ሲሉት ደስ ይለው ነበር፣ አላስተባበለም።

ሰኔ ላይ ሙላት ብቻውን መጣ። ውጅግራውን በሁለት እጁ ታቅፎት ነበር። መናገር አላስፈለገውም፤ እኔ ጮኼ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ለቅሶው አልፎ፣ ሰዉ ሲበተን ነው ቁጭ ብሎ የነገረኝ።

“ከሉማሜ የሚመጣ ጦር አለ ተብሎ መንገዱ ላይ አደፈጥን እታለም። ግራዝማች ለእያንዳንዳችን ድንጋይ ደለደሉ። የወንድሜ ድንጋይ በቀኝ በኩል ቁጥቋጦ ሸፍኖታል፣ በግራ ገላጣ ነው። ‘በቀኝ ብቅ እያልክ ተኩስ’ አሉት። እሺ አለ። ተኩስ ሲጀመር ግን በግራ ወጣ። ‘በቀኝ ውጣ! ወንድም ጋሼ፣ በቀኝ!’ ብዬ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ። ዞር ብሎ አየኝ እኮ! አይቶኝ ተመልሶ በግራ ወጣ። ሁለት ጣለ። ለሦስተኛው ሲያነጣጥር...”

በጋቢው ፊቱን ሸፈነ።

“እንዲህ ያለ እልህ ምን ይባላል? ለምን አልሰማኝም?” አለኝ።

መሐላዬ ትዝ አለኝ። ለሞተ ሰው የማሉት መሐላ ይፈታል ወይ ብዬ የምጠይቀው ቄስ አጠገቤ አልነበረም። ማርያም ትፍረደኝ ብዬ ተናገርኩ።

“ሰምቶሃል” አልኩት። “በቀኝ ዓይኑ ምንም አያይም ነበር። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ። በቀኝ ብቅ ቢል የሚያየው ግራ ዓይኑ ከድንጋዩ ኋላ ይቀራል፤ ይተርፍ ነበር እንጂ አንድም አይመታም።”

ሙላት ፊቱን ገለጠ። ቅሉን፣ ትከሻ ታመመ ማለቴን፣ ሁሉንም ሲያስታውስ ፊቱ ላይ አየሁት።

“ማን አስተማረው በግራ?”

“እኔ።”

ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጣኝ እወድ ነበር። እሱ ግን፣ “ያኔ ጠመንጃው ለእኔ ተሰጥቶ ቢሆን እዚያ ድንጋይ ሥር እኔ ነበርኩ የምሞተው እታለም” አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው፣ የዋህ ነው።

“አንተማ በቀኝ ትወጣ ነበር” አልኩት።

ይህን ስለው ያስተዋለው አልመሰለኝም ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ገባው። ያኔ ቅሉን ባዘዘው ስቶት ቢሆን ሁለቱም ወንድማማች በሕይወት አሉ። አንዱ ጠመንጃ ይዞ፣ አንዱ አንገቱን ደፍቶ እርፍ ይዞ፣ እኔን በነጋ በጠባ እየተቆጣኝ። ሙላት ጠመንጃውን ከጭኑ አንሥቶ መሬት ላይ አጋደመውና ወደ እኔ ገፋው። አልነካም አለ።

ሰዎች ተጸጸትሽ ወይ ይሉኛል። ተጸጸትኩ ብል ባሌ በጥምቀት ማግስት የነበረውን ፊት እክደዋለሁ። አልተጸጸትኩም ብል ደግሞ እኔው ራሴን አላምነውም። ያን ዕለት ግን አልተጠየቅሁም። ውጅግራውን አነሣሁና የሙላት ጭን ላይ መልሼ አስቀመጥኩለት።

“ያዘው” አልኩት፤ “አንተ በሁለቱም ታያለህ።”