ከአንድ ጥቅል የወጡ ሦስት ቀሚሶች

በሥራ ቤቱ ጋሽ ልክ ይሉታል። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና ደመወዝ ከፋይዋ ብቻ ናቸው። ቅጽሉን የሰጡት አብረውት የሚሰፉት ልጆች ናቸው፤ ሰው ገና በር ላይ ብቅ ሲል ቁመቱን፣ ደረቱንና ወገቡን በዓይኑ ለክቶ ስለሚጨርስ። ሜትሩን አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ለወግ ያህል ነው። ፊት ይረሳል፣ ስም ይረሳል፣ ልክ ግን አይረሳም። መንገድ ላይ አቅፎ የሳመውን ሰው ሚስቱ ማን ነው ብላ ስትጠይቀው፣ "ወገቡ ከደረቱ የሚሰፋው ሰውዬ ነዋ" ብሎ የሚመልስ ጉደኛ ነው። በዚህም ይኮራል፤ ቢኮራም አይፈረድበትም፣ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ቀሚስ ጠብቦበት አያውቅም።

የሚሠሩት አንድ ሕንፃ የላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ፤ በመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዎች ተደርድረዋል፤ ጥግ ላይ ደግሞ ልጆቹ "ሙሽሪት" የሚሏት የልብስ አሻንጉሊት ቆማለች። ሙሽሪት ራስም እጅም የላትም። ጀርባዋ ላይ ያሉትን ብሎኖች ሲያዞሩ ግን ትከሻዋ፣ ደረቷና ወገቧ እንደተፈለገው ይሰፋል፣ ይጠባል። የቤቱ ባለቤት ወጣት ዲዛይነር ናት፤ ስትናገርም ስትራመድም የሚያባርራት ያለ ይመስል የምትጣደፍ፣ ልቧ ግን መልካም የሆነ ልጅ። የዚያ ሰሞን እብደቷ የእጅ ሽመና ነበር። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ በዘመናዊ አቆራረጥ አሰፍቼ የፋሽን ሾው ላይ ካላወጣሁ ብላ፣ ከአንዲት ነጋዴ አንድ ጥቅል ገዝታ ጋሽ ልክ ጠረጴዛ ላይ ዱብ አደረገችው። ከዚህ ሦስት ቀሚስ ይወጣል፣ ሾው የሚዘጋው በነሱ ነው አለችው።

ጨርቁ ውብ ነበር። መልኩ ዳመና የመሰለ ግራጫ ሆኖ፣ በመሀሉ ቀጭን የሸክላ ቀለም ያለው መስመር ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ድሩና ማጉ እኩል ተጠቅጥቋል፤ የሸመነው ሰው እጅ እንዳልቸኮለ ያስታውቃል። ጋሽ ልክ መዳፉን ጫነበትና ወዲያው አነሳ። ጨርቅ በጠዋት ሲነኩት ይቀዘቅዛል፤ ይሄኛው ግን ሰው ተቀምጦበት አሁን የተነሳ ወንበር ይመስል ለብ ብሎ ነበር። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ነው ብሎ ራሱን አሳመነ፤ ፀሐይ ገና ያልወጣ መሆኑን ልብ ያለው ከቆረጠ በኋላ ነው።

የመጀመሪያውን ቀሚስ ከጥቅሉ ጫፍ ጀምሮ፣ ለአንዲት ረጅም ሞዴል ልክ ቆረጠው፤ ሰፋውም፤ ማታ ሰቅሎት ወደ ቤቱ ሄደ። በማግስቱ ሞዴሏ ልትለብሰው ስትሞክር ቀሚሱ ከትከሻዋ አልወርድም አለ። ልጆቹ መኪናቸውን አቁመው ያዩ ጀመር። ጋሽ ልክ ፊቱ ቀላ፤ ሜትሩን አውርዶ ቀሚሱን ለካው፣ ልጅቷንም ለካት። ልጅቷ ትናንት የለካት ልጅ ናት። ቀሚሱ ግን ትናንት የሰፋው ቀሚስ አልነበረም።

የእጅ ሽመና ያፈገፍጋል፣ ይኮማተራል፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳልነክረው መቁረጥ አልነበረብኝም አለ። ስፌቱን ፈታ፤ በየጎኑ ያስቀረውን ትርፍ በሙሉ ለቀቀው። በማግስቱ ቀሚሱ እዚያው ጠባብነቱ ላይ ተመልሶ አገኘው። ያኔ ሙሽሪትን አለበሳትና ቀሚሱ እስኪቀመጥላት ድረስ ብሎኖቿን እያዞረ ያጠብባት ጀመር። አጠበበ፣ አጠበበ፤ ብሎኑ አልዞርም አለ። ቀሚሱ ከዚያም የቀጠነ ሰው ይፈልግ ነበር። ግራ ትከሻው ደግሞ ወደ ታች ዘንበል ብሏል፤ በስፒል ቢያነሳው፣ በገበር ቢደግፈው፣ እጁን ሲያነሳ ተመልሶ ይወርዳል። ዲዛይነሯ ከንፈሯን ነክሳ አየችውና፣ ግድ የለም፣ ግድግዳ ላይ ሰቅለን እናሳየዋለን፣ ዘመኑ ለማይለበስ ልብስም ያጨበጭባል ብላ ቀለደች። ልጆቹ ሳቁ፤ ጋሽ ልክ አልሳቀም።

ሁለተኛውን ከዚያው ካቆመበት ቀጥሎ ቆረጠ። በዚህኛው አፈገፈገ እንዳይባል ጨርቁን ነክሮ፣ አድርቆ፣ ተኩሶ ነው የጀመረው። ይሄኛው በሌላ በኩል መጣ፦ ሆዱ ሰፋ። የፊቱ ጨርቅ ያለማንም ትእዛዝ ወደ ፊት ተወጠረ፤ ግራ ትከሻውም እንደ መጀመሪያው ዘንበል አለ። ጋሽ ልክ በጠራራ ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በካውያ ሲጫነው፣ ከሥር አንድ ነገር ካውያውን ገፋው። ኃይለኛ ግፊት አልነበረም፤ የትንሽ ተረከዝ ያህል ነው። ካውያውን አቁሞ ጨርቁን ገለጠ። ከሥሩ ጣውላ ብቻ ነው ያለው። ከጎኑ የሚሰፋው ልጅ ምን ሆንክ ጋሼ ቢለው፣ ምንም፣ አቃጠለኝ ብሎ ጣቱን ላሰ። ፈርቶ ነበር፣ ይፈር እንጂ ምን ያድርግ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ ግን ሦስተኛውንም ቆረጠ፤ ከጥቅሉ የቀረው ለእሱ ብቻ ይበቃ ነበር።

ሦስተኛው ቀሚስ በማግስቱ ጠዋት ቀጥ ብሎ ተሰቅሎ ጠበቀው። ሙሽሪትን አለበሳት፤ ደረቷን ትንሽ አሰፋ፣ ወገቧን ትንሽ አጠበበ፣ የግራ ትከሻዋን ብሎን በአንድ ጣት ያህል አወረደው። ቀሚሱ ቁጭ አለ። ጋሽ ልክ ልኩን ሊያይ ወደ ኋላ ራቅ አለ፤ ጀርባው ግድግዳውን እስኪነካ ድረስም መራቁን አላቆመም። ፊት ይረሳል ብለናል፤ ይህችን ለማወቅ ግን ፊት አላስፈለገውም። የገዛ ልጁ ቆማ ነበር።

አንድ ልጅ ናት ያለችው፤ በቤት ስሟ ሚጣ። በሕፃንነቷ ከመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ወድቃ የአንገቷ አጥንት ተሰብሮ ነበር፤ ሲገጥም ትንሽ ተዛንፎ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ ልብሷን ሁሉ የሰፋላት ግራ ትከሻውን በአንድ ጣት ዝቅ አድርጎ ነው፤ ይህን ልክ ከሱ በቀር የሚያውቅ ሰፊ የለም። አድጋ ሥራ ልፈልግ ብላ ሌላ ከተማ ሄደች። ኩሩ ናት፤ ሳይሞላልኝ አልመጣም ብላ ነበር የወጣችው። መጀመሪያ ትደውል ነበር፤ ከዚያ በየበዓሉ ሆነ፤ ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። አባትና እናት ያልጠየቁት ሰው፣ ያላንኳኩት በር አልነበረም። ከዓመት በላይ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቁ፣ በማዕድ ላይ ስሟን ላለማንሳት እየተጠነቀቁ ኖረዋል። ልጅ ሞቶ ማልቀስ አለ፤ የት እንደገባ ሳያውቁ ዝም ብሎ መብላትና መጠጣት ግን ከዚያ ይከፋል።

ለሚስቱ ምንም አልነገራትም። ሥራ ቤት ነይ፣ የማሳይሽ ልብስ አለ ብቻ አላት። መጣች፤ ልጆቹን ሰላም እያለች ወደ ውስጥ ስትዘልቅ ሙሽሪትን ከጀርባ አየቻት። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ለቀቀችው። ቀስ ብላ ሄዳ እጇን ዘንበል ባለው ትከሻ ላይ አሳረፈች።

"ሞቃለች" አለች።

ከዚያ በኋላ የተደረገውን ልጆቹ እስከ ዛሬ ያወሩታል። ሴትዮዋ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ሌሎቹንም አምጡልኝ ብላ ሦስቱን ቀሚሶች በተሰፉበት ተራ ጠረጴዛው ላይ አስዘረጋች፤ አንዱን ከአንዱ እየዳሰሰች ሄደች። መጀመሪያ ታማ ነበር፣ ይሄው አጥንቷ ቀርቶ አለች። ከዚያ ፀነሰች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ፊቷ በራ፤ ተገላግላለች፣ ድናለች፣ እንደ ድሮዋ ሆናለች አለች። ጋሽ ልክም እንደዚያው አነበበው። ለቆራጭ የጨርቅ መጀመሪያ መቀሱ የገባበት ነው፤ ሌላ መጀመሪያ አያውቅም። ባልና ሚስቱ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተቃቅፈው ቆሙ፤ ደስታ እንዲህ የሚያስፈራ መልክ ይዞ ሲመጣ ሰው ከፍርሃቱ ይልቅ ደስታውን ይመርጣል።

ሦስተኛውን ቀሚስ ልውሰደው ብሎ ዲዛይነሯን ሲጠይቃት እምቢ ትለኛለች ብሎ ነበር፤ ሾው ደርሶባታል። እሷ ግን ወደ ሙሽሪት ሳታይ ራሷን ነቀነቀች።

"ውሰደው ጋሼ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ልጆቹም ከነሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መዋል ከብዶናል።"

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ነጋዴዋን ጠይቀው ጨርቁ የተሸመነበትን ቤት አወቁ። በአውቶቡስ ሲጓዙ ሚስቱ ቀሚሱን በንጹሕ ነጠላ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛው ነበር። ስለ ሕፃኑ ብቻ ታወራለች፤ ወንድ ይሆን ሴት፣ የማን አፍንጫ ይወጣበት ይሆን እያለች። አባትየው ማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችም። ጋሽ ልክ አልፎ አልፎ እጁን ሰዶ ጨርቁን ይነካል። እንደ ጠዋቱ አይሞቅም፤ ቀዝቅዟል። በመስኮቱ ነፋስ አሳበበ።

የሽመናው ቤት ጣሪያው ከፍ ያለ አንድ ሰፊ አዳራሽ ነው። ሴቶች ምንጣፍ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። እያንዳንዷ ፊት ለፊቷ አንድ ምሰሶ አለ፤ ድሩ ከምሰሶው ተነስቶ እስከ ሴትዮዋ ሆድ ድረስ ይመጣል፣ ወገቧን ከኋላ ባቀፈ ሰፊ የቆዳ ቀበቶም ይታሰራል። ወደ ኋላ ስትለጠጥ ድሩ ይወጠራል፣ ወደ ፊት ስታጎነብስ ይላላል። ዕቃው ሌላ መወጠሪያ የለውም፤ መወጠሪያው የሴትዮዋ ገላ ነው። ጥግ ላይ ያለው አንድ ምሰሶ ባዶውን ቆሟል፤ ቀበቶው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

የቤቱ አለቃ ፀጉራቸው የሸበተ አሮጊት ሸማኔ ናቸው። ቀበቶአቸውን ሳይፈቱ እንግዶቹን ቀና ብለው አዩ፣ ዓይናቸው ሚስቱ ፊት ላይ ሲያርፍ መወርወሪያውን አስቀመጡ። ትከሻዋ ዘንበል ያለች ልጅ እዚህ ትሠራ እንደሆነ ጋሽ ልክ ሲጠይቃቸው፣ ትሠራ ነበር፣ ያ ምሰሶ የሷ ነው አሉ። ወላጆቿ የት እንዳሉ ቢጠይቋት ሲሻለኝ ራሴ እደውልላቸዋለሁ ትል እንደነበርም ነገሩት። ከአጠገባቸው ባለው የክር ቅርጫት ውስጥ አንዲት ሕፃን ተኝታ ነበር። ሚስቱ ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማችም። ጎንበስ ብላ አነሳቻት፤ በግንባሯ ላይ የራሷን ግንባር አይታ እየሳቀች እያለቀሰች ወደ መስኮቱ ይዛት ሄደች።

ጋሽ ልክ ሊጠይቅ የሚገባውን ጥያቄ አላወጣም። በሱ ምትክ ስለ ጨርቁ አወራ፤ አፉ አላርፍ አለው። ቀሚሶቹ ያመጡትን ልክ፣ ልጁ ታማ እንደዳነች ከልኩ እንዴት እንዳነበቡ አንድ በአንድ ነገራቸው። ሴትዮዋ አላፌዙበትም፣ አልገረማቸውምም። እዚህ ቤት ጥቅል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የአንድ ሰው ነው፣ በገላዋ ወጥራ የሸመነችው ጨርቅ ገላዋን ቢይዝ ምን ይደንቃል አሉት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁት።

"መጀመሪያ የቆረጡት የትኛውን ነው፣ አባቴ?"

"ቀጭኑን። ከላይ ያለውን።"

ሴትዮዋ ሆዳቸው ላይ ያለውን እንጨት አሳዩት። የተሸመነው ጨርቅ እሱ ላይ ይጠቀለላል፤ ዛሬ የተሸመነው ትናንት በተሸመነው ላይ፣ የነገው በዛሬው ላይ።

"እኛ የምንጀምረው ከውስጥ ነው" አሉት። "እዚህ ስትመጣ ደህና ነበረች። ከወለደች በኋላ ነው ያመማት። ተይ ብላት ሳልጨርሰው አልነሳም አለችኝ። እርስዎ ከላይ ያገኙት የመጨረሻ ሳምንቷን ነው።"

አዳራሹ ውስጥ ሴቶቹ ወደ ኋላ ይለጠጣሉ፣ ወደ ፊት ያጎነብሳሉ። ጋሽ ልክ ሦስቱን ቀሚሶች በልቡ ገለበጣቸው፤ የመጨረሻውን ፊት፣ የመጀመሪያውን ኋላ አደረገ። ልጁ ጤናዋን ይዛ ከበር ገባች፣ ከበደች፣ ከዚያ በሙሽሪት ብሎን እንኳ ሊደረስበት ወደማይቻል ልክ ወረደች። ያንን ቀሚስ በገዛ እጁ ፈትቶ ሊያሰፋው ሞክሮ ነበር፤ ጨርቁ እየተመለሰ ሲነግረው እሱ አፈገፈገ ብሎ ነበር።

በመስኮቱ ሥር ሚስቱ ሕፃኗን በአንድ ክንዷ ይዛ፣ በሌላ እጇ ቀሚሱን ከነጠላው አውጥታ ወንበር ላይ ትዘረጋዋለች። መታጠፉ የጨማደደውን በመዳፏ ታቃናለች። ሚጣ ስትመጣ መጀመሪያ ቀሚሱን እንድታይ፣ እኛ ከወንበሩ ኋላ እንቁም ትላለች።

"አንተ፣ ልጃችን መቼ ነው የምትመለሰው? እስቲ ጠይቃቸው።"

"ጠይቄያቸዋለሁ" አላት።

ሚስቱ ፈገግ እንዳለች ዞር አለች፤ ፊቱን ስታይ ቀሚሱን ለቀቀችና ሕፃኗን በሁለት እጇ ያዘቻት።