ዝም ብላ የመጣች መኪና

"ክላክስ አድርግላት እንጂ!" አለ ተከስተ፣ እጁን ወደ መሪው እየሰደደ።

ጠልሐ እጁን ቀብ አድርጎ ያዘው። "እንዳትነካ! በአላህ እንዳትነካ!"

ፍሬኑን ረግጦ ይዟል። ከኮፈኑ ፊት፣ ወርዶ እጁን ቢዘረጋ በሚነካት ርቀት ላይ፣ እናቱ ራሂማ መሀል መንገድ ላይ ቆማ የተፈታ ሻርፗን ታስራለች። ጀርባዋን ሰጥታቸዋለች። እንኳን ልትሸሽ፣ ዞርም አላለችም። በግራዋ ለውሃ መስመር ቆፍረው የተዉት ጉድጓድ አፉን ከፍቷል። ክላክስ ቢያደርግ ደንግጣ ትዘላለች። ወዴት እንደምትዘል ደግሞ ማን ያውቃል?

"ያ አላህ፣ እንዴት አልሰማችንም?" አለች ሚስቱ አርዋ ከኋላ ወንበር።

እንዴት ትስማ? መኪናዋ ድምፅ የላትማ!

ከጠዋት ጀምሮ ተከስተ ሲያሻሽጥ የነበረው እኮ ይህንኑ ነው። ደላላ ነው፣ አፉ አያርፍም። ሁለት ሰፋፊ ኤስዩቪ መኪኖች አቅርቦላቸዋል፣ መልካቸው አንድ ዓይነት፣ አንዷ በቤንዚን ብቻ የምትሄድ፣ ሌላዋ፣ አሁን የሚሞክሯት፣ በቤንዚንና በባትሪ የምትሄድ ሃይብሪድ። "ብራዘር፣ ይቺ ቀስ ስትል ሞተሩን አጥፍታ በባትሪ ነው የምትሄደው። ቤንዚን ብትሸት ነው እንጂ አትጠጣም!" እያለ ከጎተራ እስከ ካዛንቺስ ጆሯቸውን በላው። አራት ልጅና አንዲት እናት በትንሿ ቪትስ መኪናቸው ተደራርበው መሄድ ከሰለቻቸው ቆይቷል። አርዋ በቤንዚን ሰልፍ ስለተማረረች ልቧ ሃይብሪዷ ላይ ነው። ጠልሐ ግን ባትሪውን ይፈራል፤ ቡልጋሪያ ሰፈር ያለው መካኒኩ "የሷን ሽቦ እኔ አልነካም፣ ልጆች አሉኝ" ብሎታል። ቢሆንም ሚስቱ "በራችን ትገባ እንደሆነ እንኳ እንያት" ስትለው ወደ ሰፈሩ ቅያስ ታጠፈ። ሲታጠፍ እናቱ ፊቱ ቆማለች።

ራሂማ ግላኮማ የሚሉት በሽታ ዓይኗን ከወሰደው ወዲህ ካዛንቺስን በጆሮዋ ነው የምትሄደው። ገና መኪና ከላይ ሲታጠፍ እሷ ቀድማ ቆርቆሮ አጥሩ ጋ ጥግ ይዛለች። ዱላ ያዢ ሲሏት እምቢ፣ ሰው ይምራሽ ሲሏት እምቢ። "የታወረው ዓይኔ ነው፣ እግሬን ምን አድርጊው ነው የምትሉኝ?" ትላለች።

ከኋላቸው አንድ ላዳ ታክሲ እያጓራ ወደ ቅያሱ ገባ። ራሂማ ላዳውን ሰማችው። ገና ሩቅ ነው ብላ ሳትቸኩል ዞረችና አጥሩን ፍለጋ እጇን ዘረጋች። እጇ ኮፈኑ ላይ አረፈ።

እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበችው። ወደ ኋላ ሸሸች፣ ወደ ጉድጓዱ።

"እማ!"

ጠልሐ በሩን በርግዶ ወጣ። መኪናዋ ንቅንቅ ስትል ተከስተ እየጮኸ የእጅ ፍሬኑን ሳበው። ጠልሐ ሲደርስ የእናቱ ተረከዝ ጠርዙ ላይ ነበር፤ አፈሩ ከስሯ ተንዶ ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ታየው። ክርኗን አፈፍ አድርጎ ወደ ራሱ ጎተታት።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ እማ፣ ጠልሐ ነኝ፣ አብሽሪ።"

"ይሄ የነካሁት ምንድነው? መኪና ነው?"

"አዎ፣ መኪና ነው።"

"ከኋላዬ ነው የመጣው? አሁን?" የልጇን ሸሚዝ ጨምድዳ ያዘች። "ጠልሐ፣ ጆሮዬም ሄደ ማለት ነው?"

ሐኪሙ ዓይንሽ አይመለስም ሲላት እንኳ በዚህ ድምፅ አልተናገረችም።

"ጆሮሽ ምንም አልሆነም። መኪናዋ ናት ድምፅ የሌላት። በባትሪ ነው የምትሄደው።"

"አታባብለኝ! ድምፅ የሌለው መኪና የት አገር ነው ያለው?"

"ላዳው ይሰማሽ የለ?"

"ይሰማኛል! እሱ ነው ያስፈራኝ። የሩቁ ተሰምቶኝ የአጠገቤ ካልተሰማኝ፣ ይሄ ምን የሚሉት በሽታ ነው?"

"ኧረ መኪናዋን አንሱልንና እንለፍ!" አለ ባለላዳው አንገቱን አውጥቶ።

አርዋ ወርዳ የአማቷን እጅ ያዘች። "እማዬ፣ እውነቱን ነው ወላሂ። ይኸው፣ እጅዎን እዚህ ያድርጉ።" መዳፏን የመኪናዋ ጎን ላይ አስቀመጠችላት። "ተከስተ፣ መሪውን ያዝና ወደ ፊት ንዳት። ቀስ!"

መኪናዋ ከራሂማ ጣቶች ስር እየተንሸራተተች ሄደች። ራሂማ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች፣ አዳመጠች። ብረቱ አልቆ እጇ አየር ላይ ቀረ።

"ሄደች?"

"ሄደች።"

"አልሐምዱሊላህ! ደህና ነው ለካ ጆሮዬ!" አለች። ፊቷ እንደመፍታት አለና ወዲያው መልሶ ጨፈገገ። "እንዲህ ያለ መኪና ብዙ ነው?"

ተከስተ ገበያው የተመለሰለት መስሎት በመስኮቱ ብቅ አለ። "ምን ብዙ ብቻ እማማ! ከዱባይ በላይ በላዩ እየገባ ነው። ትንሽ ቆይተው ይዩ፣ ካዛንቺስ በዚህ ነው የሚሞላው!"

አርዋ በዓይኗ ገላመጠችው። ዘግይታለች።

"ይሞላል" አለች ራሂማ፣ ለራሷ።

ቤት አስገቧት። ተከስተ በሩ ላይ ሆኖ ሌላ ገዢ ቡልጋሪያ እየጠበቀው እንደሆነ ደጋግሞ ተናገረ። ጠልሐ አርዋን ወደ ጓሮ ጠራት።

"ቤንዚኗን ነው የምንወስደው።"

"በዛሬው ምክንያት? ጠልሐ፣ እኔም እኮ ነፍሴ ወጥታ ነው የተመለሰችው። ግን አስበው፣ የሰው መኪና ሁሉ ዝም ብሎ እየመጣ የኛ ብቻ ብትጮህ ምን ይጠቅማታል? ሰልፉንና ወጪውን ተሸክመን መቅረታችን ነው እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ካወቅክ ታዲያ?"

"የሚገጫት እኔ አልሆንም።"

አርዋ በመስኮቱ አማቷን አየች። "በቃ፣ ቤንዚኗን በለው" አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

የዐስር፣ የከሰዓቱ ሶላት ደረሰ። ሌላ ቀን ቢሆን አዛኑ ሳያልቅ ራሂማ ወደ መስጊድ የሚወስደውን ቅያስ አጋምሳው ነበር። ዛሬ ጠልሐ ሲወጣ የግቢው በር ተከፍቶ፣ እናቱ አንድ እግሯን አውጥታ አንዱን ውስጥ አስቀርታ፣ መቃኑን ይዛ ቆማለች። ምን ያህል እንደቆመች እንጃ። መንገዱ ላይ እንኳን መኪና ድመትም የለም።

"እማ፣ ሂጂ፣ ምንም የለም።"

"ምንም እንደሌለ በምን አውቃለሁ?"

"ቤንዚኗን ነው የወሰድነው" አላት፣ ይሄ መልስ የሚሆናት ይመስል።

"ታዲያ ቀሪዎቹንም ግዛቸዋ!" አለችው።

ሳቅ ብሎ ሊያልፈው ፈልጎ ሳቁ አልመጣ አለው። አጠገቧ ቆመ። እመራሻለሁ ቢላት እንደምትቆጣ ያውቃል፣ ትታው ብትወጣ ደግሞ ልቡ እንደሚቆም ያውቃል። እሷ ባዶውን መንገድ አዳመጠች።

ከዚያ መቃኑን ለቀቀችና በአየር ላይ ዳበስ ዳበስ አድርጋ አገኘችው። ክንዱን አልያዘችም፣ እጁንም አልያዘችም። የሸሚዙን እጅጌ ጫፍ ብቻ፣ ባሰኛት ጊዜ እንደምትለቀው ሁሉ፣ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አደረገች።

"በል ሂድ" አለችው፣ "ሶላቱ እንዳያመልጠኝ።"