የታችኛው መስኮት

በጥቅምት ሁለተኛው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ይህ ነገር ሲሆን የነበርነው እነዚህ ነን፦ በስድስት ቁጥር ክፍል አልጋቸው ላይ ዊልፍ ብሬዝዌይት፣ አጠገባቸው ኖሪን፣ በመግቢያው ጠረጴዛ ቤሪል፣ ከፕሬስተን ከተማ የመጡት ፈታኝ ሚስስ ኦልድሮይድ፣ እንዲሁም አትክልቱ ውስጥ መቀስ ይዤ የቆምኩት እኔ፣ ኪት።

ጭጋጉ ከባሕሩ ተነሥቶ እስከ አጥራችን ደርሶ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ቤታችን ገመዱን ፈቶ፣ ማንንም ሳይቀሰቅስ፣ በቀስታ የሚጓዝ መርከብ ይመስለኛል። አሸዋው አይታይም፣ ውኃውም አይታይም። የሚሰማው ብቻ ነው ያለው።

ቤታችን በጠና የታመሙ ሰዎች የመጨረሻ ቀኖቻቸውን የሚያሳልፉበት የበጎ አድራጎት ቤት ነው። የአካባቢው ሰው አሮጌ ልብሱን ለሱቃችን ይሰጣል፣ ኬክ ጋግሮ ይሸጣል፣ በዝናብ ሮጦ ገንዘብ ያሰባስባል፤ ቤቱ በዚያ ይኖራል። ከሁለት ዓመት በፊት ኃላፊዎቹ የሚፈልግ ሠራተኛ ሁሉ ሥራውን ሳይለቅ ሙያ እንዲማር ወሰኑ። በሳምንት አንድ ቀን ትምህርት፣ በቀረው ቀን እዚሁ በሥራ ላይ ልምምድ፣ መጨረሻ ላይ ፈተና። እኔ ሣር አጫጅ ነበርኩና ለአትክልተኝነት ተመዘገብኩ። ኖሪን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርታለች። በሃምሳ ስድስት ዓመቷ የሕሙማን እንክብካቤ ልማር አለች።

«ይኼን ሁሉ ዓመት አንሶላቸውን ሳጥብ የተኙበትን ሰዎች አላየኋቸውም» አለችኝ አንድ ቀን፣ የሞቀ አንሶላ እያጠፈች። «አሁን ልያቸው።»

በሰኔ ተፈትና ወደቀች። አጥፍታ አልነበረም። አንዲት አሮጊት አጠበች፣ ልብሷን ለወጠች፣ ትራስ አስተካከለች፤ ሁሉም ልክ ነበር። ግን ፈታኝ ቆሞ ሲያያት አፏ ተያዘ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ሚስስ ኦልድሮይድ ወረቀቷ ላይ «እጇ ያውቃል፤ ታማሚዋን ግን አልጠየቀችም» ብለው ጻፉ። ሁለተኛው ፈተና የመጨረሻ ነው። ካላለፈች ወደ ማጠቢያው ትመለሳለች።

በጋውን ሙሉ አብረን ተለማመድን። እኔ አንሶላ መደርደሪያው ሥር ተጋድሜ ታማሚ እሆናለሁ።

«ክንድህን ላንሣ?» ትላለች።

«አንሺ።»

«እንዲህ ቶሎ አትፍቀድልኝ እንጂ! አስቸግረኝ። አኩርፍ!»

ማኩረፍ አልችልበትም። ዊልፍ ይህን ሰምተው አስጠሩን። ዕድሜያቸውን ሁሉ፣ ባሕሩ ሲሸሽ በዚያ ሰፊ አሸዋ ላይ በትራክተር መረብ እየጎተቱ፣ ሽሪምፕ የሚባለውን ትንሽ የባሕር እንስሳ ያጠመዱ ሰው ናቸው፣ ሰማንያ አራት ዓመታቸው።

«እኔን ታጥበኝ» አሉ። «ይኼ ልጅ እኮ መጨማደድ እንኳ ገና አልጀመረም። ማኩረፍ ከሆነ የምትፈልገው፣ ሚስቴን ትጠይቅ ነበር፣ በሕይወት ብትኖር።»

ስለዚህ የፈተናው ታማሚ ዊልፍ ሆኑ። የቤታችን ሐኪምም ፈቀደች።

አሁን ስለ መስኮቶቹ ልናገር። የቤታችን መስኮቶች የድሮ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ ሁለት መስታወት አላቸው፣ የላይኛውና የታችኛው። ለአየር የላይኛውን ብቻ ዝቅ እናደርጋለን። የታችኛው ወደ ላይ የሚነሣው ሰው ሲሞት ነው፤ ነፍሱ መውጫ እንዳታጣ። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም፣ የትም አልተጻፈም፤ ግን አዲስ የሚገባ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ይማረዋል። የታችኛው ተነሥቶ ሲያይ፣ አትክልተኛው አንድ ጽጌረዳ ይቆርጣል፣ የሟቹን ስም ካርድ ላይ ይጽፋል፣ መግቢያው ጠረጴዛ ላይ ያኖራል። ወጥ ቤቱም አንድ ትሪ ይቀንሳል። «ሞተ» ብሎ የሚያወራ የለም። እኔ ይህን ልማድ የምወደው ለዚህ ነበር።

ያን ማክሰኞ የደረቁ አበቦችን ስቀነጥብ ጭጋጉ ትንሽ ገለል አለ። የስድስት ቁጥር የታችኛው መስኮት እስከ መጨረሻው ተነሥቶ አየሁ። መጋረጃው ወደ ውጭ ወጥቶ ነጭ እጅ ይመስል ቀስ እያለ ይወዛወዛል።

ከዚያ የመጨረሻዋን ደህና ጽጌረዳ ቆረጥኩ። ብሬዝዌይት ረጅም ስም ነው፤ አንድም ፊደል ሳልስት ጻፍኩት። ወስጄ ቤሪል ፊት አኖርኩት።

«አይ ዊልፍ!» አለች ቤሪል፣ መነጽሯን አውልቃ። «ትናንት እኮ በሹራቤ ሲያሾፉብኝ ነበር። ያልተሸለተ በግ ነው የምትመስይው አሉኝ።» ወጥ ቤት ደወለችና፣ «የስድስት ቁጥርን ሻይ ተዉት» አለች።

ወዲያው ሚስስ ኦልድሮይድ የረጠበ ካፖርታቸውን እያራገፉ ገቡ። ቤሪል በለሆሳስ ነገረቻቸው። ጽጌረዳዋን አዩ፣ ካርዱን አነበቡ፣ ማስታወሻቸውን ገለጡ።

«ያሳዝናል። ሰው በሞተበት ቀን ፈተና አላደርግም። ቀጣዩ ክፍት ቀኔ የካቲት ነው።»

«የካቲት? የኖሪን ትምህርት በገና ያበቃል እኮ!»

«አውቃለሁ» አሉ። «ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። እሷን አሁን አላስጨንቃትም፤ እጽፍላታለሁ።» ካፖርታቸውን መልሰው ቆለፉ።

ወደ አትክልቱ ተመለስኩ። እግሬ የሚረግጠው መሬት ሳይሆን ጭጋግ መሰለኝ። በስድስት ቁጥር መስኮት ሥር ሳልፍ ድምፅ ሰማሁ።

«ዝም በይ፣ ስሚ። መጡ።»

የዊልፍ ድምፅ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ነፍሳቸው መሰለችኝ። በመስኮቱ ወጥታ፣ ጭጋጉ ውስጥ መንገድ ጠፍቷት፣ ጽጌረዳዬ መሃል የቆመች መሰለኝ። አልፈራሁም። ከላያችን፣ በማይታየው ሰማይ፣ ከሰሜን የመጡ ዝይዎች እየተጠራሩ ያልፉ ነበር። በየዓመቱ በዚህ ወር ይመጣሉ። ነፍስ ከእነሱ ጋር ብትሄድ ምን ክፋት አለው ብዬ አሰብኩ።

«ሻዬስ የት ቀረ?» አለ ያው ድምፅ። «ዛሬ ረሱኝ እንዴ?»

ነፍስ ሻይ አትጠይቅም።

በመስኮቱ አንገቴን አስገባሁ። ዊልፍ ሁለት ብርድ ልብስ ለብሰው፣ ነፋሱ ነጭ ጸጉራቸውን እያነሣው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ኖሪን ንጹሕ ፎጣ ታቅፋ ቆማለች።

«ኪት! ምነው እንዲህ ነጣህ?» አለች። «ሴትዮዋ እኮ አልመጡም። ሰዓቱ አለፈ።»

ሮጥኩ። በአበባ መደቡ መሃል ሮጥኩ፣ ራሴ የተከልኩትን ረገጥኩ። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ጭጋግ ብቻ ነበር፤ ጭጋጉ ውስጥ ሁለት ቀይ መብራቶች ወደ በሩ ይርቃሉ። በሕይወቴ ያን ያህል ጮኼ አላውቅም።

«አልሞቱም! ሚስስ ኦልድሮይድ፣ አልሞቱም! ሻይ ጠይቀዋል!»

ቀዮቹ መብራቶች ቆሙ። መስታወቱ ወረደ።

«ሞቱ ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ተከታትለን ስንገባ ጽጌረዳዋን ከጠረጴዛው አንሥቼ ከጀርባዬ ደበቅኋት። ዊልፍ ግን ገና ከበሩ አዩኝ።

«ምንድን ነው የያዝከው? አምጣ ወዲህ።»

ሰጠኋቸው። ካርዱን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው አነበቡ። ዝይዎቹ ብቻ ይሰሙ ነበር።

«ስሜን ሳይሳሳት የጻፈ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አሉ። «ለመሞት እንኳ ያጓጓል። ጽጌረዳዋን ውኃ ውስጥ ክተታት፣ የኔ ልጅ። እኔ ቶሎ አልሄድም፤ ገና አልታጠብኩም።»

ቤሪል ከበሩ ሆና እየሳቀች አፍንጫዋን ጠረገች። ሚስስ ኦልድሮይድ አልሳቁም። መስኮቱን አዩ፣ ኖሪንን አዩ።

«ይህ ሲነሣ እዚህ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አነሡት?»

ኖሪን ፎጣውን አጥብቃ ያዘች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም። ሰኔ መልሶ መጣ አልኩ በልቤ። ዊልፍ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። እሷ ግን ክንዳቸውን በቀስታ ነካ አደረገችና ዝም አሰኘቻቸው።

«የላይኛው ለቆመ ሰው ነው» አለች። «እሳቸው ተኝተዋል፤ ነፋሱ በላያቸው ያልፋል። ዝይዎቹን መስማት ፈለጉ። የቱን ልክፈትልዎት ብዬ ጠየቅኋቸው፣ የታችኛውን አሉ። ለቤሪል መንገር ነበረብኝ፤ አልነገርኩም፤ እሱ የኔ ጥፋት ነው። ነገ ቢጠይቁኝ ግን እንደገና እከፍተዋለሁ።»

ሚስስ ኦልድሮይድ ካፖርታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ አኖሩ፣ እስክሪብቷቸውን አወጡ። «ይጀምሩ» አሉ።

እኔ ወጣሁ። ግን ሩቅ አልሄድኩም፤ መስኮቱ ሥር ተንበርክኬ የረገጥኳቸውን ተክሎች ማቃናት ያዝኩ። የሞቀ ውኃ ወደ ሳህን ሲወርድ ይሰማል። ሳሙናው ይሸታል።

«ክንድዎን ላንሣ?»

«አንሺ። ቀስ ብለሽ፤ ዝይዎቹ እንዳይደነግጡ።»

«ፊትዎን መጀመሪያ ወይስ እጅዎን?»

«እጄን። አሸዋ አለበት።»

አሸዋ አልነበረበትም፤ ትራክተሩን ከተዉ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው።

«እሺ» አለች ኖሪን፣ «አሸዋውን እናጥበዋለን።» ውኃው ቀስ ብሎ ተንቦጫረቀ። ጭጋጉም በመስኮቱ ይገባ ነበር።

ኖሪን ፈተናውን አለፈች። ዊልፍ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞቱ። መስኮቱ ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ ክፍት ስለነበረ ምልክት ሊሆነኝ አልቻለም፤ ገብቼ «ሞቱ?» ብዬ ኖሪንን ጠየቅኋት። አትክልቱ ውስጥ የቀረ ጽጌረዳ አልነበረም፤ ያችኑ የደረቀችዋን ከነካርዷ ጠረጴዛው ላይ አኖርኳት።