ፋይሉ ሳይሞላ

ሰውየውን በመሥሪያ ቤቱ «ማስረጃ» ነበር የሚሉት። ሠላሳ አራት ዓመት የኢንሹራንስ አደጋ መርማሪ ሆኖ ሲሠራ፣ መኪናዬ ተሰረቀ፣ ሱቄ ተቃጠለ ያለውን ሁሉ «ማስረጃ?» ሳይል አሳልፎ አያውቅም። ቤትም ያው ነው። ሚስቱ ራሴን አመመኝ ብትለው «ከስንት ሰዓት ጀምሮ?» ይላል። ኧረ እንዲህ ያለውን ባል ለጠላትም አይስጥ! እሷ ግን ወደደችው፤ ሙያውንም አብራው ስትኖር ተማረችው። «የጠረጠርሽውን ሰው ቶሎ አትጠይቂ» ይላት ነበር፤ «ይጠነቀቃል። መጀመሪያ ፋይሉ ይሙላ።»

ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ጉድ ፈላ። ማክሰኞና ሐሙስ አራት ሰዓት ሲሆን ተላጭቶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ «ትንሽ ልንሸራሸር» ብሎ ይወጣል። ለመንሸራሸር የተተኮሰ ሸሚዝ? ሌላ ሴት ብትሆን በሩ ላይ አንቃ ታናዝዘው ነበር። እሷ ግን የማስረጃ ሚስት ናት፤ ፋይሉን መሙላት ጀመረች።

ሻርፕ ተከናንባ ተከተለችው። ድሮ እንደ ነፋስ ይሄድ የነበረው ሰውዬ በየመብራት እንጨቱ ሥር እየቆመ ይራመዳል። ጥግ ላይ ያለ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ገባ። ምድር ቤቱ የሴቶች ፀጉር ቤት ነው። ፀጉር ሠሪዋ በሩ ላይ ቆማ «እንዴት አደሩ ጋሼ?» ብላ ሳቀችለት። በቃ! «ይቺ ናት!» አለች ሚስት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲወጣ ፊቱ ገርጥቶ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። «በዚህ ዕድሜው! ይበለው!» አለች።

አምስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅምና ሸሚዙን ማሽተት፣ ኪሱን መበርበር ሆነ ሥራዋ። በአምስተኛው ሳምንት ሐሙስ «አሁንስ ፋይሉ ሞልቷል» ብላ ቤት ቀረች። እሁድ ልጆቹ ባሉበት ልታፋጥጠው ቆረጠች።

ቅዳሜ ጠዋት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ።

አለቀሰች። እያለቀሰችም በዓይኗ ለቀስተኛውን ትለቅም ነበር፤ ያቺ ፀጉር ሠሪ ደፍራ ትመጣ ይሆን? በሦስተኛው ቀን የመጣችው ግን የማታውቃት ሴት ናት። ከፀጉር ቤቱ በላይ ያለው የልብ ክሊኒክ ነርስ ነኝ አለች። ማክሰኞና ሐሙስ በደም ሥሩ መድኃኒት የምትሰጠው እሷ ነበረች።

«እናቴ፣ እርስዎን በመስኮት አውቅዎታለሁ» አለች ነርሷ። «ጋሼ ከአልጋው ቀና ብለው ‹ያቻት ባለቤቴ፤ መከታተልን ያስተማርኳት እኔው ነኝ› እያሉ ይስቁ ነበር። ‹ራሴ ልነግራት አፌን ያዘኝ፤ ከጠየቀችኝ ግን አልዋሻትም› ይላሉ። እርስዎ እንዲደርሱባቸው ብለው ነበር ቀስ ብለው የሚራመዱት።»

ሚስት ወደ ነርሷ ጠጋ አለች። «የመጨረሻው ሐሙስስ? እኔ አልመጣሁም።»

ነርሷ አቀረቀረች። «ደጋግመው በመስኮት አዩ። ‹ዛሬ ቀረች፤ ታማ ይሆን?› አሉና መርፌው ሳይሰካላቸው ተነሡ። ብንለምናቸው እምቢ አሉ።»

እውነት ነው፣ ያን ቀን ቶሎ መጥቶ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ እያለከለከ «አመመሽ እንዴ?» አላት። እሷም «ምን አገባህ!» ብላው ወደ ጓዳ ገባች።