ገና ያልተጻፈው ጥያቄ

«እፈርማለሁ! ግን መጀመሪያ ጥፋቴ ይነገረኝ!» አለ አዲሱ የሒሳብ መምህር፣ የተዘረጋለትን እስክሪብቶ እንደ እባብ እየሸሸው።

«አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያ አንብበው እንጂ» አለች የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ።

አነበበው። የስንብት ደብዳቤ መስሎት ልቡ አፉ ውስጥ የገባችበት ወረቀት ለካ ማሳወቂያ ኖሯል፤ ነገ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ዳይሬክተሯ አምስተኛ «ለ» ክፍል ገብታ ሲያስተምር ታየዋለች። እፎይ ይላል ስትሉ ባሰበት። የስድስት ወር የሙከራ ጊዜው ሊያልቅ አንድ ሳምንት ቀርቶታል፤ ከእሱ በፊት የነበረው መምህር የተሰናበተው በእንዲህ ያለ ጉብኝት ማግስት ነው። እናቱ ደግሞ «ልጄ መምህር ሆነ» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ ነግረው ጨርሰዋል፤ ላልጠየቀም ጭምር።

የጂኦግራፊውን ሽማግሌ ፍለጋ ሮጠ። ተማሪዎቹ «አትላስ» ይሏቸዋል፤ ያለ ጥቅል ካርታ ታይተው አያውቁም።

«ጋሼ፣ ምን ይሻለኛል?»

«ምን ያንቀጠቅጥሃል? ዛሬ ያስተማርከውን ነገ እንደ አዲስ ታስተምራለህ። ክፍሉ እንደ በቀቀን ይመልስልሃል። እኔ አንዲቷን የወንዞች ትምህርት ለሦስት ዳይሬክተሮች፣ ለአሁኗም ጭምር፣ አሳይቻታለሁ።»

«ቢያውቁብኝስ?»

«ልጆቹን አስጠንቅቃቸዋ!»

አስጠነቀቃቸው። «ነገ እንግዳ አለብን። ‹ተምረነዋል› የሚል ሰው እንዳልሰማ!»

«እሺ ቲቸር!» አሉ አርባ ስምንቱ ባንድ ድምፅ። እንዲህ በአንዴ መስማማታቸው ራሱ አስፈራው።

የፈሩት ይደርሳል፤ ነገ ሆነ። ዳይሬክተሯ ገብታ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ለአሥር ዓመት ልጅ በተሠራው፣ ጉልበቷ ደረቷን እስኪነካ ተቀመጠች። ቅጹን ጭኗ ላይ ዘረጋች። እስክሪብቶዋን ቀጭ አደረገች።

ሰሌዳው ላይ ቀኑን ጻፈ። «ክፍልፋዮችን መደመር» ብሎ ርዕሱን ጻፈ። ከዚያ ½ ጻፈ፤ አጠገቡ የመደመር ምልክት አደረገ። ጠመኔውን ገና አላነሳም።

«አምስት ስድስተኛ!» ብሎ ክፍሉ አስተጋባ።

ሊጽፈው የነበረው ⅓ እጁ ላይ ቀረ። ዳይሬክተሯ ከቅጹ ላይ ቀና አለች። ከፊት የምትቀመጠው፣ በወሬኛነቷ «ሬዲዮ» የሚሏት ልጅ፣ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከመሐል አንዱ ደግሞ መምህሩን ላድን ብሎ ተነሣና፦

«ቲቸር፣ ትናንት አልተማርነውም እኮ!» አለ።

ላብ አጠመቀው። እስክሪብቶዋ ከኋላ ስትሮጥ ይሰማዋል፤ ምን እንዲህ ያስጽፋል? ጉዱን የሚሸፍንበት ቢያጣ ጊዜ፣ በ⅓ ፈንታ ¼ ጻፈ።

ሬዲዮ «ሁለት ስድስተኛ?» አለች፤ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ጋር ደምራ። «ሁለት ስድስተኛ!» አሉ ሌሎቹም ተከትለዋት።

ያን ጊዜ ሌላ ፍርሃት መጣበት፤ ይሄኛው ከኋላ ወንበር የመጣ አይደለም። ትናንት አርባ ስምንት ልጅ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅለት ገባቸው ብሎ ደስ ብሎት ነበር የወጣው። ታዲያ ምን አስተማርኩ?

ካፈርኩ አይመልሰኝ አለ። ጠረጴዛው ላይ ያገኘውን ወረቀት አንሥቶ ለሁለት ቀደደና ግማሹን ለሬዲዮ ሰጣት። የቀረውን ደግሞ ለሁለት ቀድዶ አንዱን ጨመረላት።

«ግማሽ ነበረሽ፤ ሩብ ጨመርኩልሽ። በዛልሽ ወይስ አነሰብሽ?»

«በዛልኝ።»

«ሁለት ስድስተኛ ማለት ግን ከስድስት ቁራሽ ሁለቷ ብቻ ናት። ከግማሽ ትበልጣለች?»

ልጅቷ ጣቷን ቆጠረች። «ታንሳለች! ጨምረውልኝ ካነሰማ ሰርቀውኛል ማለት ነው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሬዲዮ ግን አልሳቀችም፤ ግማሿን እንደ እሱ ለሁለት ቀደደች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሦስት አራተኛ ነው!» ከኋላ ያሉት ሁሉ ከየደብተራቸው ወረቀት እየገነጠሉ ይቀድዱ ጀመር። ደወሉ ሲደወል ማንም አልተነሣም።

ዳይሬክተሯ ግን ተነሥታ መጣች። «የትምህርት ዕቅድህን አምጣው፣ ልፈርምበት።»

መምህሩ ጠረጴዛውን አየ። ባዶ ነው። ቀጥሎ ሬዲዮ እጅ ላይ ያሉትን ሦስት ቁራሾች አየ፤ የራሱ የእጅ ጽሑፍ አለባቸው። ተቀብሎ ለዳይሬክተሯ ሰጣት።

«አራተኛውስ?»

መዳፉን ከፈተ። ሩቡ በላብና በጠመኔ ተቦክቶ ሊጥ ሆኗል።

«የምሰናበት ከሆነ» አለ፣ «ዛሬውኑ ይንገሩኝ። ሌሊቱን አልችለውም።»

ሦስቱን ቁራሾች እያገጣጠመች ቅጿ ውስጥ ከተተች።

«ሦስት አራተኛህ ይቆያል። ስለ ሩቡ ነገ ጠዋት ቢሮ እንነጋገራለን። ስትመጣ አትላስንም ይዘሃቸው ና፤ ‹እነዚያ ወንዞች ዛሬም ይፈሳሉ ወይ?› ብላለች በላቸው።»